የበሰለ የተርኪ እራት ከሱፐርማርኬት፦ የትኛው ለየትኛው ቤት ይሆናል?

በአሜሪካ የታንክስጊቪንግ ሰሞን ሴፍዌይ፣ ጃያንት፣ ዌግማንስ፣ ሆል ፉድስ፣ ክሮገርና ፐብሊክስን የመሳሰሉ ሱፐርማርኬቶች ተርኪውን ከነማባያው በካርቶን አድርገው ይሸጣሉ። ማስታወቂያው ላይ የሁሉም ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ ቆዳው ቡናማ የሆነ ወፍ፣ ዙሪያውን ድንች፣ ፎሶሊያና ዳቦ። ልዩነቱ የሚታየው ቤት ደርሶ ካርቶኑ ሲከፈት ነው። አንዱ ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ወፍ ሆኖ ለመሞቅ ብቻ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ኦቨን ይይዛል። ሌላው ትኩስ ሆኖ ይሰጥና በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተበላ ለጤና ያሰጋል። ሦስተኛው ደግሞ ገዢው በስሏል ብሎ የወሰደው ጥሬ ነው። ስለዚህ ሱቅ ከሱቅ፣ ዋጋ ከዋጋ ከማወዳደር በፊት ሁለት ነገር ይለይ፦ ምግቡ በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ ነው የሚሰጣችሁ? በዚያ ቀን ገበታችሁ ላይስ ሌላ ምን ይቀርባል?

መለያው ላይ የተጻፈው ምን ማለት ነው

“ፉሊ ኩክድ” የሚል ካያችሁ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ነው፤ ማሞቅ ብቻ ይቀረዋል። “ሂት ኤንድ ሰርቭ”ም ያው ነው። ሰውን የሚያሳስተው “ኦቨን ሬዲ” የሚለው ነው። ይህ ታጥቦ፣ ቅመም ተቀብቶ፣ አንዳንዴም በማብሰያ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ የሚሸጥ ጥሬ ተርኪ ነው። “ሬዲ ቱ ኩክ”ም እንዲሁ ጥሬ ነው። ጥሬውን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ማሸጊያው ላይ “ሴፍ ሃንድሊንግ ኢንስትራክሽንስ” የሚል ርዕስ ያለውን ትንሽ ሣጥን መፈለግ ነው፤ እሱ ካለ ወፉ አልበሰለም። በኢንተርኔት ስታዙ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ ሱቆች ያንኑ የእራት ጥቅል በበሰለም በጥሬም ተርኪ ስለሚያቀርቡ፣ ዋጋው ከሌላው በጣም አንሶ ካገኛችሁት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ይሁን። 12 ፓውንድ ጥሬ ተርኪ እንግዳ ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ከካርቶን ቢወጣ ለእራት አይደርስም።

ሌላም ማወቅ የሚበጅ አለ። “ሆርሞን ያልተሰጠው” የሚለው ጽሑፍ ዋጋ ሊያስጨምር አይገባም፤ በአሜሪካ ለዶሮም ሆነ ለተርኪ ሆርሞን መስጠት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሁሉም አልተሰጠውም። አንቲባዮቲክ ያልተሰጠው መሆኑ ግን እውነተኛ ልዩነት ነው። ወፉ የጨው ውሃ የተወጋ ከሆነ ደግሞ “ሶሉሽን” ከሚል ቃል ጋር የፐርሰንቱ መጠን ይጻፋል። እንዲህ ያለው ሲሞቅ ቶሎ አይደርቅም፤ ጨው ግን ይበዛዋል። ደም ግፊት ያለባቸው እናት ወይም አባት በገበታው ላይ ካሉ ግሬቪውንና (ከስጋ መረቅ የሚሠራውን ሶስ) ስታፊንጉንም (በቅመም የሚሠራውን የዳቦ ማባያ) አብራችሁ አስቡበት፤ ጨው የሚበዛው እነሱም ላይ ነው።

ቀዝቃዛው ሙሉ ወፍ

ከሁሉም በብዛት የሚሸጠው ይህ ነው። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ፓውንድ ሲሆን ከበዓሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይወሰዳል። ጥቅሙ ሰዓቱ በእጃችሁ መሆኑ ነው፤ እንግዳ ቢዘገይ ማሞቁን ታዘገያላችሁ። ጉዳቱ ኦቨኑን ለረጅም ጊዜ መያዙና የደረቱ ስጋ መድረቁ ነው።

የሚደርቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። የደረት ስጋ ስቡ ትንሽ ነው። የጭኑ ስጋ ወፍራምና ከአጥንት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለመሞቅ ይዘገያል። ጭኑ እስኪደርስ ስትጠብቁ አንድ ጊዜ የበሰለው ደረት እንደገና ይበስላል። ለዚህም፣ ለጤናም ሲባል፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የበሰለ ተርኪን ሙሉውን ማሞቅ አይመክርም፤ ደረቱ እንዲቆራረጥ፣ እግርና ክንፉ ግን እንዳለ ሊቀር እንደሚችል ይገልጻል። እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። ቀዝቃዛ ስጋ አይፈራርስም፤ ስለታም ቢላዋ የደረቱን አጥንት ተከትሎ ሲወርድ ሁለቱ ግማሾች ሙሉ ሆነው ይወጣሉ። ከዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እንዲኖራቸው አግድም ቁረጧቸው። ከዚያ በላይ ከሳሱ ይደርቃሉ። ቁርጥራጮቹን በትሪ ላይ ደርድራችሁ ግማሽ ኩባያ መረቅ አፍሱበትና ዳር ዳሩን በፎይል ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑ። በ325 ዲግሪ ፋራናይት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። እግርና ጭኑ በሌላ ትሪ ይግቡ፤ ከደረቱ 20 ደቂቃ ያህል ቀድመው ቢገቡ አብረው ይደርሳሉ። የኦቨኑ ሙቀት ከ325 በታች አይሁን፤ ስጋው ባክቴሪያ በሚራባበት ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ያደርጋል።

ወፉ ሙሉ ሆኖ ገበታ ላይ መታየት አለበት የምትሉ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን መመሪያ ተከተሉ። ባብዛኛው አንድ ወይም ሁለት ኩባያ ውሃ ወይም መረቅ ከትሪው ሥር ጨምሩ፣ በፎይል ሸፍኑ፣ በ325 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አሙቁ ይላል። መድረሱን የሚነግራችሁ የስጋ ቴርሞሜትር ነው። በደረቱ ወፍራም ክፍልና በጭኑ ውስጠኛ በኩል፣ አጥንት ሳይነካ ተሰክቶ 165 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ደረቱ ላይ ተሰክታ የምትመጣዋን፣ መብሰሉን የምታሳየውን የፕላስቲክ ምልክት አትመኑ፤ ወፉ መጀመሪያ ሲበስል ብቅ ብላ ስለጨረሰች አሁን የምትነግራችሁ ነገር የለም። ከሱቅ የሚመጣ ተርኪ ቆዳው የረጠበ ስለሚሆን፣ ሊወጣ 15 ደቂቃ ሲቀረው ፎይሉን አንሱና ንጥር ቅቤ ቀቡት፤ መልኩም ጣዕሙም ይሻሻላል። የአሉሚኒየም ትሪው ከባድ ወፍ ይዞ ሲነሳ ይታጠፋልና፣ ኦቨን ከመግባቱ በፊት ጠንካራ መጋገሪያ ከሥሩ አድርጉለት። ትኩስ ስብ እግር ላይ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው።

ትኩሱ፣ በጭስ የበሰለውና ደረት ብቻው

ትኩስ ሆኖ የሚሰጠው እራት የሚሆነው ሱቁ ቅርብ ለሆነለትና እንደደረሰ ለሚበላ ቤት ነው። ምግቡ ከ140 ዲግሪ በላይ መቆየት አለበት፤ ከዚያ በታች ከወረደ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያላችሁ። ለጥቂት ጊዜ በ200 ወይም በ250 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማቆየት ይቻላል፤ ሲረዝም ግን ይደርቃል። እንግዳው ከሥራም ከሌላ ግብዣም ተጠራርቶ እስኪሰበሰብ ጊዜ በሚወስድበት ቤት ይህንን አልመክርም። ድንገት ከዘገየ ስታፊንጉ ወፉ ሆድ ውስጥ ካለ አውጡት፣ ስጋውን ቆራርጣችሁ ጥልቀት በሌለው ዕቃ ፍሪጅ አስገቡና በኋላ እንደ ቀዝቃዛው አሙቁት።

በጭስ የበሰለው ተርኪ ብዙ ጊዜ በረዶ ሆኖ ነው የሚሸጠው። ፍሪጅ ውስጥ ለመሟሟት ለእያንዳንዱ 4 ወይም 5 ፓውንድ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ 12 ፓውንዱ ሐሙስ እንዲደርስ ቢዘገይ ሰኞ ጠዋት ከፍሪዘር ይውጣ። ስጋው ሮዝ መልክ ቢኖረው አትደንግጡ፣ ከጭሱ የሚመጣ ነው። ሙሉ በሙሉ የበሰለ ከሆነ ቀዝቃዛውንም ተቆርጦ መበላት ይችላል። ኦቨናቸው በሌላ ምግብ ለተያዘባቸው ሰዎች ከሁሉም የሚቀለው እሱ ነው። ጨውና ጭሱ ግን ሁሉም አይወደውም፤ ከሱ የሚወጣው መረቅም ለግሬቪ አይሆንም።

አጥንት የሌለው የደረት ስጋ ለሦስትና ለአራት ሰው ይበቃል። ቶሎ ይሞቃል፣ ለመቁረጥም አያስቸግርም። እግርና አጥንት መጋጥ የሚወድ ቤተሰብ ግን ቅር ይለዋል።

“ለ8 ሰው” የሚለው ቁጥር

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የሰው ብዛት ለስጋውና ለማባያው እኩል አይሠራም፤ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ጋ ነው። 12 ፓውንድ ጥሬ የነበረ ተርኪ ሲበስል ሩብ ያህል ክብደቱን ያጣል። አጥንቱ ሲወጣ ደግሞ ለመብል የሚቀረው ከመነሻው ግማሽ ገደማ፣ ማለትም ስድስት ፓውንድ ያህል ነው። ለስምንት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 12 አውንስ ይደርሰዋል። አንድ ሰው በአንድ ገበታ የሚበላው ስድስት አውንስ ቢሆን ነው። ስለዚህ ስጋው ለአሥራ ሁለትም ለአሥራ አራትም ሰው ይበቃል። የተፈጨው ድንች ግን አብዛኛውን ጊዜ በ32 አውንስ ዕቃ ነው የሚመጣው። ይህ አራት ኩባያ ገደማ ነው፤ ለስምንት ሰው ግማሽ ግማሽ ኩባያ፣ ማለትም አንድ ጭልፋ ብቻ። ድጋሚ የሚጠይቅ ካለ አይኖርም።

ከዚህ የሚከተለው፣ አሥራ ሁለት ሰው የጠራ ቤት ሁለት ሙሉ እራት መግዛት የለበትም። አንድ እራትና ተጨማሪ ድንች፣ ስታፊንግና ግሬቪ ለየብቻ ይግዛ። ግሬቪ ከሁሉም ቀድሞ ያልቃል። ለአንድ ሰው ሲሶ ኩባያ ብታስቡ ለስምንት ሰው 21 አውንስ ያስፈልጋል፤ 16 አውንስ ብቻ የያዘ ካርቶን አይበቃችሁም። በተጨማሪም ማስታወቂያው ላይ ያለው ክብደት ከመብሰሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ከመብሰሉ በፊት 10 ፓውንድ የሆነና ከበሰለ በኋላ 10 ፓውንድ የሆነ ወፍ በዋጋቸው ሊወዳደሩ አይችሉም።

በአብዛኛው ሐበሻ ቤት ደግሞ ተርኪው ብቻውን አይቀርብም። ዶሮ ወጡ፣ ክትፎው፣ አልጫው፣ ሰላጣውና እንጀራው አለ። እንዲህ ባለው ገበታ ላይ ማካሮኒው፣ ፎሶሊያውና ስታፊንጉ እንደተከፈተ ይመለሳል። ሙሉ እራቱን ከመግዛት የበሰለውን ወፍ ለብቻው፣ ግሬቪና ክራንቤሪ ሶስ ጨምሮ መግዛት ይሻላል፤ ልጆቹ የሚጠብቁት ማባያ ካለ እሱ ብቻ ይታከልበት። ስታወዳድሩ የእራቱን ዋጋ በካርቶኑ ላይ ባለው ቁጥር አታካፍሉ። በእርግጥ የሚበሉትን ምግቦች ብቻ ለየብቻ ሲገዙ ስንት እንደሚሆኑ ደምሩና ከጥቅሉ ጋር አስተያዩ። ማባያውን ሁሉ የሚበላ ቤት በጥቅሉ ያተርፋል፤ ሁለቱን ብቻ የሚበላ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ለየብቻ ቢገዛ ይሻለዋል።

በኢቢቲ ካርድ (በመንግሥት የምግብ ድጋፍ ካርድ) ለምትገዙ፦ ሲሸጥ ትኩስ የሆነ ምግብ በፉድ ስታምፕ አይከፈልም፤ ቀዝቃዛው ወደ ቤት የሚወሰድ ምግብ ግን በደንቡ ይፈቀዳል። ሱቁ በቅድሚያ በሚታዘዝ የበዓል እራት ላይ ካርዱን ይቀበል እንደሆነ ከማዘዛችሁ በፊት አረጋግጡ።

ጾም፣ አሳማና ሐላል

ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 በመሆኑ በብዙ ዓመታት በዓሉ ጾሙ ውስጥ ይውላል። በ2026 ኖቬምበር 26 ኅዳር 17 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሆነ ጾም ነው። በ2027 ደግሞ ጾሙ ከሚገባበት ከኅዳር 15 ጋር ይገጥማል። በ2028 ግን ኅዳር 14 ላይ፣ በቅበላ ዕለት ይውላል። የሚጾም ሰው በገበታው ላይ ካለ፣ ወይም ግማሹ ቤተሰብ ጿሚ ከሆነ፣ “ተርኪውን እንተወውና ማባያውን እንብላ” ማለት አይሠራም። የተፈጨው ድንች ቅቤና ወተት አለበት። ስታፊንጉ በቅቤና በዶሮ መረቅ ይሠራል። ፎሶሊያው በክሬም የተሠራ ነው። ግሬቪው የስጋ መረቅ ነው። የዱባው ፓይ እንቁላልና ወተት አለው፤ ለስላሳው ዳቦም አብዛኛውን ጊዜ ቅቤ ወይም እንቁላል አያጣም። በእርግጠኝነት ሊባል በሚችል ደረጃ የጾም የሆነው ክራንቤሪ ሶሱ ነው። ተጠብሶ የሚሸጥ አትክልት በዘይት ብቻ ከተሠራ ይሆናል፤ ንጥረ ነገሩ ላይ ቅቤ መኖር አለመኖሩን አንብቡ። ለጿሚው ምስር ወጥና ጎመን ቤት ቢሠራ ከየትኛውም የሱቅ ማባያ ይሻላል።

አሳማ ያለበትን መለየት ደግሞ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም የሚጠቅም ነው፤ የተሰወረባቸው ቦታዎች አሉና። ስታፊንግ ውስጥ የሚገባው ቋሊማ ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። ፎሶሊያና ብራስልስ ስፕራውት ላይ ቤከን ይደረጋል። ከስኳር ድንቹ ላይ የሚደረበው ማርሽሜሎ በጄላቲን የሚሠራ ሲሆን በአሜሪካ ይህ ጄላቲን ብዙ ጊዜ ከአሳማ የሚወጣ ነው። የፓይ ሊጥም አንዳንዴ በአሳማ ስብ ይሠራል፤ “ላርድ” የሚለውን ቃል ፈልጉ። ሐላል ለሚፈልግ ቤተሰብ በተራ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የበሰለ ተርኪ የሐላል ማረጋገጫ ምልክት ከሌለው ሐላል ነው ተብሎ አይወሰድም። አማራጩ ከሐላል ሥጋ ቤት አስቀድሞ ማዘዝ ነው፤ ሲታዘዝ ጥሬ ነው ወይስ የበሰለ የሚለው ጥያቄ እዚያም አይረሳ።

ማዘዝ፣ መረከብና ሰዓቱን ማስላት

ትዕዛዝ መቀበል የሚቆመው ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ ጥሩ የመረከቢያ ሰዓቶችም ከዚያ በፊት ያልቃሉ። በበዓሉ ዕለት እረከባለሁ ብላችሁ ካሰባችሁ ሱቁ ክፍት መሆኑን አጣሩ። ኮስትኮ፣ ዎልማርት፣ ታርጌትና ፐብሊክስ በታንክስጊቪንግ ዕለት ዝግ ናቸው፤ ሌሎች ቢከፍቱም ቀደም ብለው ይዘጋሉ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መረከብ ይሻላል። ከዚያ በፊት ፍሪጃችሁ ካርቶኑን የሚይዝ መሆኑን ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ባዶ ይፈልጋል። የፍሪጁ ሙቀትም ከ40 ዲግሪ ፋራናይት አይለፍ።

ስትረከቡ ካርቶኑን እዚያው ከፍታችሁ ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሩ። በብዛት የሚጎድለው ግሬቪው ወይም ፓይው ነው። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ፣ በተለይ በበዓሉ ዕለት፣ ለመመለስ ጊዜ አይኖራችሁም። መንገዱ ረጅም ከሆነ ማቀዝቀዣ ሣጥን ከነበረዶው ያዙ።

የማባያዎቹ ዕቃ ኦቨን የሚችል መሆኑን ከሥሩ ባለው ጽሑፍ አረጋግጡ። ጥቁሩ ፕላስቲክ አንዳንዱ ይችላል፣ አንዳንዱ ይቀልጣል። ካልተጻፈበት ወደ መስታወት ወይም ወደ ብረት ትሪ ገልብጡት። በሳፋ ወይም በድስት ውስጥ ተቆልሎ የሚሞቅ ድንች ዳሩ ሲቃጠል መሐሉ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ሰፋ ባለ ትሪ ይዘርጋ፣ በየመሐሉም ይማሰል።

ገበታው ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በፈረንጆቹ አራት ሰዓት ከሆነና ወፉን ሙሉውን የምታሞቁ ከሆነ፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ኦቨኑን ለኩሱ። 7 ሰዓት ሲሆን ተርኪው ይግባ። 9 ሰዓት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴርሞሜትር ለኩት። 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲወጣ በፎይል እንደተሸፈነ 20 ደቂቃ ይረፍ፤ ወዲያው ከተቆረጠ ፈሳሹ ሁሉ ትሪ ላይ ይቀራል። ማባያዎቹ ኦቨኑ እንደተለቀቀ በ350 ዲግሪ ገብተው ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈልጋሉ፤ ወፉ እያረፈና እየተቆረጠ እነሱ ይደርሳሉ። ደረቱን አስቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ግን ሁሉም ነገር ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢጀመር ይደርሳል፣ ኦቨኑም እስከዚያ ድረስ ለሌላ ሥራ ነፃ ነው።

የተረፈው

ተበልቶ ሲያበቃ ስጋው ገበታ ላይ ከወጣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ከአጥንቱ ተለይቶ፣ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ተከፋፍሎ ፍሪጅ ይግባ። እዚያ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል። ከዚያ የሚተርፈው በረዶ ይሁን። የጭኑና የእግሩ ስጋ ስብ ስላለው ለጥብስ ይሆናል፦ ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፣ አዋዜ ጨምሩ፣ ስጋውን በመጨረሻ አስገብታችሁ በደንብ እስኪሞቅ ብቻ አገላብጡ። ሱቁ አስቀድሞ ጨው ስለጨመረበት ተጨማሪ ጨው አያስፈልግም። የደረቱ ስጋ ለዚህ ይደርቃል፤ እሱን ቀዝቃዛውን በዳቦ መብላት ይሻላል። ግሬቪው እንደገና ሲሞቅ ለብ ማለቱ አይበቃም፣ እየተማሰለ ይፍላ።